ቅፍለትና ማደሪያ፤ የአውስትራሊያ በረሓ ትንንሽ ከተሞች ታሪክ

በአማርኛ «ሰፈር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው፣ መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ፣ እሳት አንድዶ፣ ከብቱን አስሮ የሚያድርበት ቦታ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ጎረቤት አፍርቶ፣ ልጅ አሳድጎ የሚኖርበት የከተማ ክፍል ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ያለምክንያት አይደለም። አያሌ ከተሞች የተመሠረቱት መንገደኛ ውሃ አግኝቶ ባደረበት፣ በማግሥቱም ተመልሶ ባደረበት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ከአዳር ወደ ነዋሪነት የሚያደርሰው በር ለሁሉም ሰው እኩል ተከፍቶ አያውቅም። አንዱ አንድ ሌሊት አድሮ ባለቤት ሲሆን፣ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ እንደ እንግዳ ተቈጥሮ ያልፋል።

የአውስትራሊያ ውስጠኛ ምድር ይህን እውነት አጉልተው ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ ነው። አገሬው «አውትባክ» እያለ የሚጠራው ይህ ሰፊ ደረቅ ምድር ዝናቡ ጥቂት፣ ሕዝቡ የሳሳ፣ ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቈጠር ነው። ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት በመኪና የሚጎተቱ ነጫጭ ትንንሽ ቤቶች ተከታትለው በዚህ ምድር ላይ ይጓዛሉ። ቤቶቹ «ካራቫን» ይባላሉ። ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ጥንታዊ ትርጉሙ በአማርኛ ሲራራ ወይም ቅፍለት የሚባለው፣ አብሮ የሚጓዝ የነጋዴና የጭነት ከብት ጓድ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞች እነዚህን መንገደኞች በየመግቢያቸው ሰሌዳ አቁመው በነጻ እንዲያድሩ ይጋብዟቸዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ቅፍለት ነበረ። የዚያ ቅፍለት ሰዎች ዱቄቱንና ሻዩን፣ የቴሌግራፉን ሽቦና ከሐዲዱ ሥር የሚነጠፈውን እንጨት ተሸክመው ከተሞቹን ያቆሙ ሲሆኑ፣ ከከተሞቹ ጠርዝ አልፈው እንዲሰፍሩ ግን አልተፈለገም።

ሁለቱን ቅፍለቶች ጎን ለጎን ማየት፣ በአንድ መንገድ ላይ ማን እንዲያርፍ እንደ ተፈቀደለትና ለምን እንደ ተፈቀደለት ለመረዳት ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የምንጮቹ መሥመር

ታሪኩ ከግመልም ከመኪናም በፊት ይጀምራል። በአህጉሩ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ከምድር በታች «ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ» የሚባል እጅግ ሰፊ የውሃ ክምችት አለ። ይህ ክምችት ከአውስትራሊያ ምድር አንድ አምስተኛ ያህሉን ይሸፍናል። በደቡብ አውስትራሊያ ሰሜናዊ በረሓ፣ በተፋሰሱ ጠርዝ፣ ግፊት ያለው ውሃ በአለት ስንጥቅ አልፎ ወደ ላይ ይወጣና ማዕድንና አሸዋ እየከመረ ጉብታዎችን ይሠራል፤ በጉብታዎቹ አናት ላይ ምንጭ ይፈልቃል። እነዚህ ምንጮች በበረሓው ውስጥ ተከታትለው ስለሚገኙ፣ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው መድረስ ለሚያውቅ ሰው ጠቅላላው መሥመር መንገድ ነው።

የአረባና ሕዝብና ጎረቤቶቹ ይህን መንገድ የአውሮፓ ሰው ባሕሩን ከመሻገሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቁት ነበር። ከፍሊንደርስ ተራሮች የሚቈፈረው ቀይ የቀለም አፈር ለሥርዓትና ለጌጥ እጅግ ተፈላጊ ስለ ነበር፣ እሱን ለማምጣት በመቶ የሚቈጠሩ ኪሎ ሜትሮች በእግር የሚጓዙ ጓዶች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ በዚያ ምድር የመጀመሪያው ቅፍለት የጭነት ከብት አልነበረውም፤ ሸክሙን የያዘው ሰው ራሱ ነበር።

ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት የተባለው አሳሽ ከ1858 እስከ 1862 ድረስ ደጋግሞ ተጉዞ በመጨረሻ ከደቡብ እስከ ሰሜን ጠረፍ ለመድረስ የቻለው የእነዚህን ምንጮች መሥመር ይዞ ነው። ከእሱ በኋላ የቴሌግራፉ ሽቦ፣ ከቴሌግራፉም በኋላ የባቡሩ ሐዲድ ያንኑ መሥመር ተከተሉ። በታሪክ መጻሕፍት «ተገኘ» ተብሎ የተጻፈው መንገድ አስቀድሞ ባለቤት ነበረው። ከብት አርቢዎች ምንጮቹን በያዙ ጊዜ ነባሩ ሕዝብ በገዛ ውሃው ላይ ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። ስለዚህ በዚህ ምድር ስለ ማደሪያ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ከግመል ነጂው በፊት ከሰፈሩ የተገፋ ሌላ ሰው ነበረ።

የግመሉ መምጣት

ለቅኝ ገዥዎቹ የበረሓው ጉዞ ዋና ችግር የጭነት ከብት ነበር። ፈረስና በሬ በየዕለቱ ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ውሃውን ተሸክሞ የሚሄደው ከብት ራሱ ውሃውን ይጨርሰዋል። የግመል ነገር የታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አውስትራሊያ የገባው የመጀመሪያው ግመል በ1840 ከካናሪ ደሴቶች ተጭኖ አዴላይድ ወደብ ደረሰ። ጆን ሆሮክስ የተባለ አሳሽ በ1846 ይህንኑ ግመል ይዞ ወደ ሰሜን ሲጓዝ፣ ጠመንጃውን በሚያጐርስበት ጊዜ ግመሉ ተንገዳግዶ ጥይቱ በመተኰሱ ቈስሎ ሞተ። ጉዳዩ አሳዛኝ ቢሆንም ትምህርት አለበት፤ ከብቱ ሲመጣ ከብቱን የሚያውቀው ሰው አብሮ አልመጣም ነበር።

በ1860 ይህ ስሕተት ታረመ። ሮበርት ኦሃራ በርክና ዊሊያም ዊልስ ለመሩት የአሰሳ ጉዞ 24 ግመሎች ከካራቺ ወደ ሜልቦርን ሲመጡ ግመል ነጂዎችም አብረው ደረሱ። ጉዞው በነሐሴ 1860 በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተነሥቶ በ1861 በኩፐር ወንዝ ዳርቻ በመሪዎቹ ሞት ተደመደመ። ከሰሜን ጠረፍ ከተመለሱት መካከል በሕይወት የተረፈው ጆን ኪንግ ብቻ ሲሆን፣ ያተረፉትም የዚያ ምድር ነባር ሕዝብ የሆኑት ያንድሩዋንዳዎች ናቸው። እነሱ እንግዳውን ተቀብለው፣ ከሚበሉት አብልተው፣ የፍለጋ ቡድን እስኪመጣ ድረስ ከመካከላቸው አኖሩት። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ አንድ የጠፋ መንገደኛ ያለ ክፍያና ያለ ሰዓት ገደብ የተስተናገደበት ሰፈር ይህ ነው።

የግመል ንግድ በሰፊው የተመሠረተው ግን በ1866 መጀመሪያ ላይ ነበር። ቶማስ ኤልደር የተባለው ባለሀብት ከ120 በላይ ግመሎችንና 31 ያህል ሰዎችን ወደ ፖርት ኦገስታ አስመጣ፤ በቤልታናም የግመል ማርቢያ አቋቋመ። ከ1870 እስከ 1872 ድረስ ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የቴሌግራፍ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ዕቃውን በረሓ ለበረሓ ካጓጓዙት ከብቶች መካከል እነዚህ ግመሎች ነበሩ። በ1892 በኩልጋርዲ ወርቅ ሲገኝ ደግሞ ለወርቅ ቈፋሪዎቹ ምግብና ውሃ ያደረሰላቸው የግመል ቅፍለት ነው። ከ1860ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ወደ አገሩ የገቡት ግመል ነጂዎች ቢያንስ 2,000 እንደሚሆኑ ይገመታል።

ሰዎቹ ከአፍጋኒስታን፣ ከባሉቺስታን፣ ከፑንጃብ፣ ከሲንድና ከካሽሚር የመጡ ነበሩ። ቋንቋቸው የተለያየ፣ ነገዳቸው የተለያየ፣ አንዳንዴም በመካከላቸው የቈየ ቂም ያለ ሰዎች ነበሩ። አገሬው ግን ሁሉንም በጅምላ «አፍጋን»፣ ከዚያም ቃሉን ቈርጦ «ጋን» እያለ ጠራቸው። የእያንዳንዱን ሰው ስም በትክክል ለመጻፍ እንኳ የሚደክም የመዝገብ ሹም ጥቂት ነበር። ብዙዎቹ የመጡት ለሦስት ዓመት ያህል በሚቈይ የሥራ ውል ሲሆን፣ ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት የውሉ ክፍል አልነበረም። ጉልበታቸው ተፈልጓል፤ ቤተሰባቸው አልተፈለገም።

የቅፍለቱ ሥራ

አንድ ቅፍለት እስከ 70 የሚደርሱ ግመሎች ይኖሩት ነበር። በእያንዳንዱ ግመል አፍንጫ ላይ ትንሽ የእንጨት ችካል ተሰክቶ፣ ከችካሉ የሚነሣው ገመድ ከፊተኛው ግመል ጋር ይያያዛል። ገመዱ ሆን ተብሎ ቀጭን ይደረጋል፤ ግመሉ ቢወድቅ ወይም ቢደነብር ገመዱ ይበጠሳል እንጂ አፍንጫው አይቀደድም። ጠንካራ ወንድ ግመል እስከ 600 ኪሎ ድረስ ሊሸከም ይችላል። ወደ በረሓው ሲሄድ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የማዕድን ማውጫ መሣሪያ፣ አንዳንዴም ለሀብታም አርቢ ቤት የታዘዘ ፒያኖ ይጭናል፤ ሲመለስ የበግ ጠጉር ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ይወርዳል።

ማታ ጭነቱ ይወርዳል። ግመሎቹ እግራቸው ተጠላልፎ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ታስሮላቸው ቅጠል እንዲበሉ ይለቀቃሉ። ሌሊቱን ሩቅ ስለሚሄዱ ጎሕ ሳይቀድ ነጂው የቃጭሉን ድምፅ እያዳመጠ ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ ያንን ሁሉ ጭነት ሚዛኑን ጠብቆ፣ የአንዱን ጐን ከሌላው ጐን አስተካክሎ እንደ ገና መጫን አለበት፤ ሚዛኑ የተዛባ ጭነት የግመሉን ጀርባ ያቈስላል፤ የቈሰለ ግመል ደግሞ ለወራት ከሥራ ውጭ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። አሳሾቹ በስማቸው ተራራና ሐይቅ ሲጠራላቸው፣ ይህን ዕውቀት የያዘው ሰው በጉዞ ማስታወሻቸው ውስጥ በአብዛኛው በአንድ መሥመር ብቻ ያልፋል።

ከሐዲዱ ማዶ

ከፖርት ኦገስታ ወደ ሰሜን የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ሥራ በ1878 ተጀመረ። በ1884 ኸርጎት ስፕሪንግስ ደረሰ፤ ይህች ከተማ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ስሟ ተፍቆ «ማሪ» ተባለች። ባቡሩ ከቆመበት ግመሉ ስለሚረከብ ማሪ የግመል ንግድ ማዕከል ሆነች። ሐዲዱ ከተማዋን በመካከል ይከፍላታል። በአንደኛው ወገን ሆቴሉ፣ ሱቆቹና የአውሮፓውያኑ ቤቶች፣ በሌላኛው ወገን የግመል ነጂዎቹ የቆርቆሮ ቤቶችና የነባሩ ሕዝብ መጠለያዎች ነበሩ። ይህን የመሰለው የከተማ ጠርዝ «ጋንታውን» ይባል ነበር፤ የጋኖች ከተማ ማለት ነው። ከማሪ ሌላ በብሮክን ሂል፣ በኩልጋርዲ፣ በኡድናዳታና በሌሎችም ቦታዎች እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ነበሩ።

በእነዚህ ጠርዞች ላይ ሰዎቹ ያቆሙት ሰፈር ሙሉ ሕይወት ነበረው። በማሪ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው መስጊድ በአውስትራሊያ ከታነጹት የመጀመሪያዎቹ መስጊዶች አንዱ ነው። በብሮክን ሂል የግመል ሰፈር በ1887 የተሠራው የቆርቆሮ መስጊድ ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኖ ይጐበኛል። በአዴላይድ ከተማም በ1888ና በ1889 የድንጋይ መስጊድ ታነጸ፤ ሥራ የጨረሱና ያረጁ ግመል ነጂዎች የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚያ ግቢ ነው። ከአገር ቤት ሚስት ማምጣት ያልቻሉት አንዳንዶቹ ከነባሩ ሕዝብ፣ አንዳንዶቹም ከአውሮፓውያን ሴቶች ጋር ጎጆ ወጡ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በአገሩ ይኖራሉ።

ጥላቻው ግን ከሥራ ሽሚያ ጋር አብሮ እያደገ ሄደ። የበሬና የፈረስ ጋሪ ነጂዎች ግመል ነጂዎቹ ዋጋ ሰበሩብን፣ ግመሎቻቸውም ፈረሶቻችንን አስደነበሩ እያሉ ይከሱ ነበር። በሁለቱም ወገን ያሉት ሠራተኞች ነበሩ፤ ከሁለቱም ጉልበት የሚያተርፈው ባለሀብት ግን በክሱ ውስጥ ስሙ አልተነሣም። በ1894 መጨረሻ በምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ ምድር በአንድ የውሃ ጉድጓድ ምክንያት በተነሣ ጠብ አንድ ግመል ነጂ በጥይት ተገደለ፤ ተኳሹ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ተለቀቀ። ለኩልጋርዲ ሕዝብ ውሃ በግመል ጀርባ የሚያመላልሱት ሰዎች ውሃ አጠገብ በመገኘታቸው የተከሰሱበት ዘመን ነበር።

ሕጉም ተከተለ። በ1901 የወጣው የስደተኞች መግቢያ መገደቢያ ሕግ መንግሥት ያልፈለገውን ሰው በማንኛውም የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት እንዲጽፍ እያዘዘ ይመልስ ነበር። በአገሩ ለብዙ ዓመታት የኖረ ግመል ነጂ እንኳ እናቱን ለመጠየቅ ወደ አገሩ ሄዶ ለመመለስ ከዚህ ፈተና ነጻ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት አስቀድሞ ማውጣት ነበረበት። በ1903 የወጣው የዜግነት ሕግ ደግሞ የእስያ፣ የአፍሪካና፣ ከኒው ዚላንድ በቀር፣ የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጆች ዜግነት እንዳይጠይቁ ዘጋባቸው። መንገዱን የከፈተው ሰው በመንገዱ ዳር ሕጋዊ ነዋሪ እንዲሆን አልተፈቀደለትም ማለት ነው።

የግመሉ ዘመን ፍጻሜ

ሐዲዱ በ1891 ኡድናዳታ፣ በ1929 አሊስ ስፕሪንግስ ደረሰ። በግንባታው ጊዜ ለሠራተኞቹ ስንቅና ዕቃ ያመላለሱት ግመሎች ናቸው፤ ግመል ነጂው የራሱን ሥራ የሚያሳጣውን ሐዲድ በራሱ ግመል ተሸክሞ አደረሰ። ባቡሩ «ዘ ጋን» ተብሎ ተሰየመ። በሰፊው እንደሚታመነው ስሙ ከግመል ነጂዎቹ የተወሰደ ነው። ሰውዬው ከሐዲዱ ማዶ እንደ ተገለለ ስሙ በሐዲዱ ላይ መሮጥ ጀመረ።

በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ወደ በረሓው ሲገባ የግመሉ ዋጋ ወደቀ። የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት በ1925 ባወጣው ግመልን የማጥፊያ ሕግ ምልክት ሳይደረግለት የሚንከራተት ግመል እንዲገደል ፈቀደ። ብዙ ነጂዎች አብረዋቸው ያረጁትን ግመሎች በገዛ እጃቸው መግደል ስለ ከበዳቸው ወደ በረሓው ለቀቋቸው። የእነዚህ ግመሎች ዘሮች በዱር ተባዝተው፣ ምንጭ እያደፈረሱና አጥር እየሰበሩ ራሳቸውን የቻሉ ችግር ሆኑ፤ ከ2009 እስከ 2013 ድረስ በተካሄደው የመንግሥት ዘመቻ 160,000 ያህል ግመሎች ተገድለዋል።

ከነጂዎቹ መካከል ስሙ በታሪክ የቀረለት አንዱ የባሉቺስታኑ ተወላጅ ቤጃ ደርቪሽ ነው። ቤጃ በ1896 በተነሣውና ሁለት ሰዎች በውሃ ጥም በሞቱበት የካልቨርት የአሰሳ ጉዞ ላይ ግመሎቹን የመራ ሰው ነው። የጉዞው መሪ ሎሬንስ ዌልስ ለአገልግሎቱ ምስጋና የራሱን የአቅጣጫ ማመልከቻ መሣሪያ ሰጠው። ቤጃ በማሪ ኖሮ፣ ትዳር ይዞ፣ በእርጅናው የተምር ዛፍ እየተንከባከበ በ1957 ዐረፈ። በ1954 የወጣውና ጆን ሄየር ያዘጋጀው «ዘ ባክ ኦቭ ቢዮንድ» የተሰኘው ፊልም፣ በማሪና በበርድስቪል መካከል ፖስታ የሚያመላልሰውን የቶም ክሩዝን የጭነት መኪና ተከትሎ ሲሄድ ሽማግሌውን ቤጃንም ለአፍታ ያሳያል። መኪናው አዲሱ ዘመን፣ ሽማግሌው ያለፈው ዘመን ሆነው በአንድ ፊልም ውስጥ ተቀረጹ። ይህ የካሜራ ሥራ የሽማግሌውን ፊት ከማሪ ውጭ ላለ ተመልካችም አሳይቷል።

ባዶ የቀሩ ከተሞች

ከተሞቹም በተራቸው የግመል ነጂዎቹን ዕጣ አዩ። በ1980 ከዚህ በስተ ምዕራብ ጎርፍ የማይቈርጠው አዲስ ሐዲድ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ ሲከፈት፣ ከማሪ ወደ ሰሜን የሚሄደው አሮጌው ሐዲድ ተዘጋ። ባቡሩ ሲቀር የጣቢያው ሠራተኛ ሄደ፤ ሠራተኛው ሲሄድ ሱቁ ተዘጋ፤ ልጆቹ ሲያልቁ ትምህርት ቤቱ ተማሪ አጣ። ከተማ የቆመችው በመንገደኛ እንደ ነበረ መንገደኛው ሲቀር በግልጽ ታየ።

ከማሪ በስተ ደቡብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ፋሪና የዚህ ምሳሌ ናት። በ1878 ስሟ የወጣላት የስንዴ አገር ትሆናለች ተብላ ነበር፤ «ፋሪና» በላቲን ዱቄት ማለት ነው። ሐዲዱ በ1882 ደረሰላት፤ በደጉ ዘመኗ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ስንዴው ግን አልበቀለም፤ የዝናቡ መጠን ለእርሻ እንደማይበቃ የቅኝ ግዛቱ ቀያሽ ጆርጅ ጎይደር በ1865 መሥመር አስምሮ ያስጠነቀቀ ቢሆንም ሰሚ አላገኘም። ነዋሪው ቀስ በቀስ ተበትኖ ከተማዋ የድንጋይ ግድግዳዎች ብቻ ቀሩባት። በመቃብር ቦታዋ ግመል ነጂዎቹ ከሌሎቹ ተለይተው ለብቻቸው ዐርፈዋል፤ የሐዲዱ ማዶ ሕግ ከሞት በኋላም ሠርቷል።

አዲሱ ቅፍለት

አሁን በእነዚሁ መንገዶች የሚጓዘው ቅፍለት በሞተር የሚንቀሳቀስ ነው። በአውስትራሊያ የተመዘገቡት ተጎታች ቤቶችና ማደሪያ ያላቸው መኪናዎች ከ700,000 በላይ ናቸው። በበረሓው መንገድ ከሚታዩት መካከል ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ስለሆኑ ሕዝቡ «ሽበታም ዘላኖች» ይላቸዋል። አልጋቸውን፣ ምድጃቸውን፣ የውሃ በርሜላቸውን፣ ከፀሐይ ብርሃን ኃይል የሚያመነጨውን ሰሌዳ ጭምር ይዘው ስለሚጓዙ የሚፈልጉት መኪና ማቆሚያ የሚሆን ሜዳ ብቻ ነው።

ትንንሾቹ ከተሞች ይህን ተረድተዋል። በ1986 የተመሠረተው የአውስትራሊያ የማደሪያ መኪና ተጓዦች ማኅበር «ለተጓዥ ምቹ ከተማ» የሚል ማዕርግ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። ማዕርጉን የምትፈልግ ከተማ በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ ለ24፣ ቢቻል ለ48 ሰዓት ማደሪያ የሚሆን ሜዳ፣ የመጠጥ ውሃና የመጸዳጃ ፍሳሽ ማስወገጃ እንድታዘጋጅ ይጠበቅባታል። የከተማው አስተዳደር ስሌት ቀላል ነው። በነጻ ያደረ ሰው ጧት ነዳጅ ይቀዳል፤ ዳቦና ሥጋ ይገዛል፤ ጎማ ያስጠግናል፤ ማታም መጠጥ ቤት ይገባል። ጥቂት መቶ ነዋሪ ላላት ከተማ ይህ ገቢ ዳቦ ቤቱ እንዲከፈት ወይም እንዲዘጋ የሚወስን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክርም አለ። ለተጎታች ቤት ማሳረፊያ የሚሆን ግቢ ከፍተው ግብርና የመድን ክፍያ እየከፈሉ የሚሠሩ ሰዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከእኛ በሰበሰበው ግብር በነጻ ሜዳ ከፍቶ ገበያችንን ወሰደብን ይላሉ። ውሃ በመከራ በሚገኝበት ቦታ የመንገደኛውን በርሜል የሚሞላው ውሃ ከነዋሪው ድርሻ የሚቀነስ መሆኑም እውነት ነው። አንዳንድ መንገደኛም ቈሻሻውን ጥሎ፣ የደረቀ እንጨት ለማገዶ ለቅሞ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ያልፋል። ስለዚህ «በነጻ» የሚለው ቃል ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው ማለት እንጂ ሒሳብ የለም ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ። በ2020ዎቹ የቤት ኪራይ በናረ ጊዜ በአውስትራሊያ በመኪናና በአሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ለመኖር የተገደዱ ሰዎች ቍጥር ጨመረ። የ24 ወይም የ48 ሰዓቱ ገደብ በእነሱ ላይ ይከብዳል። ሌላ ቦታ ቤት ያለው ጡረተኛ ለሁለት ሌሊት አድሮ፣ ገዝቶ፣ አመስግኖ ስለሚሄድ ደስ የሚያሰኝ እንግዳ ነው። የሚሄድበት የሌለው ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ተነሥ ይባላል። በግመሉ ዘመን የተፈለገው ጉልበቱን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ነበር፤ በመኪናው ዘመን የሚፈለገው ገንዘቡን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ነው። በሁለቱም ዘመን በሩ የተከፈተው ለሚሄደው ነው።

የመንገዱ ባለዕዳዎች

እዚህ ላይ ፍትሓዊ መሆን ያስፈልጋል። የተለወጠ ነገር አለ። የአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2012 የአረባና ሕዝብ በምንጮቹ ምድር ላይ ያለውን ነባር መብት በሕግ አጽንቷል። በማሪ የጥንቱን መስጊድ የሚያስታውስ ምሳሌው እንደ ገና ተሠርቷል። በፋሪና ከ2009 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ በብርዱ ወራት እየተሰበሰቡ የፈረሱትን ግድግዳዎች ያድሳሉ፤ ከምድር በታች የተሠራውን አሮጌ የዳቦ ምድጃም አቀጣጥለው ዳቦ ይጋግራሉ። ዱቄት ተብላ ተሰይማ ስንዴ ያልበቀለባት ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ የዳቦ ሽታ አላት። ዳቦውን የሚገዙት አብዛኞቹ ተጎታች ቤታቸውን ከፍርስራሾቹ አጠገብ ያቆሙ መንገደኞች ናቸው።

ለመምህሩና ለኪነ ጥበብ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የመንገድን ታሪክ ከማደሪያው ጀምሮ መመርመር ነው። በጉዞው ላይ ማን ፊት ቀደመ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ የአሳሹን ስም ያገኛል። ማታ ጭነቱን ማን አወረደ፣ የት አደረ፣ ከየትኛው ጉድጓድ ጠጣ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ ደግሞ ግመል ነጂውንና የምንጩን ባለቤት ያገኛል። ፊልም ሠሪው ሄየር ካሜራውን ከፖስታ መኪናው ወደ ሽማግሌው ቤጃ መልሶ በማዞሩ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ምሳሌ ትቷል።

በፋሪና ዳቦውን ገዝቶ የሚመለስ መንገደኛ ወደ መቃብሩ ቦታ ጥቂት ቢጓዝ ሁለቱን የመቃብር ክፍሎች ያያል። በአንደኛው ስንዴ ሊያበቅሉ የመጡት፣ በሌላኛው ዱቄቱን በግመል ጭነው ያደረሱላቸው ዐርፈዋል። በመካከላቸው ያለውን ባዶ ሜዳ በእግር ለማቋረጥ ረጅም ጊዜ አይወስድም።